ደሳለኝ የተከለው ጌሾ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ስንጾም እንኳ በጸሎቴ መሀል ዘልዬው ነው የማልፈው፣ እግዜር ካልነገርኩት የማያውቅ ይመስል። ብዙ ጊዜ አፌ ድረስ መጥቶ ያውቃል፤ መልሼ ውጬዋለሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም። እዚህ ረሆቮት፣ ሄርዝል ጎዳና ላይ ብንተላለፍ ከባድ ቦርሳ አንጠልጥላ ቸኩላ የምትራመድ ሴት አይታችሁ ታልፋላችሁ። ለማያውቀኝ ሰው መናገር ይቀለኛል። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ ከጥፋቴ ጋር ደምሩት።

ጠበቃ ነኝ። ስሜ ራሄል ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር ይሉኛል፤ እኔ የማስታውሰው ቴል አቪቭ አጠገብ ያለችውን ረሆቮትን ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር ጠበቃ የሆነች ልጅ ብርቅ ነበረች። ፈቃዴን ያገኘሁ ቀን እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ እልልታውን አቀለጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ የመጣበት፣ ከባንክ የተጣላ፣ ከአከራይ የተኳረፈ ሁሉ ወደ እኔ ቢሮ ሆነ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። «የኛ ልጅ» ሲሉኝ አንገቴ ይረዝም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ያን ቀን ችሎት ፊት የቆመችው ሴት ማን እንደነበረች እንድታውቁ ነው። ማሸነፍ የምትወድ ሴት ነበረች።

እትዬ ያልጋነሽ የመጡልኝ በልጃቸው በብርቱካን በኩል ነው። ከብርቱካን ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው። እኔ ኦሺዮት የሚባለው ሰፈር አዲስ ፎቅ ቤት ገዝቼ ስገባ እሷ ከእናቷ ጋር አሮጌው ሰፈር ቀረች፤ ጠዋት በባቡር ቴል አቪቭ ሄዳ ትሠራለች፣ ማታ ተመልሳ እናቷን ትጦራለች። እኛ ሰፈር ብርቱካንን የማያመሰግን የለም፤ ቢያንስ ያኔ አልነበረም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የእነ እትዬ ያልጋነሽ ሕንፃ ያረጀ ስለሆነ አንድ ካብላን፣ ማለትም ሥራ ተቋራጭ፣ ሊያጠናክረውና ሊያድሰው ከነዋሪዎቹ ጋር ተዋዋለ። ሁሉም ፈረመ። ኋላ ግን ሰውዬው የሕንፃውን ጓሮ ለማሽኖቹና ለብረቱ ማስቀመጫ ጠርጎ ሊይዘው እንደሆነ ተሰማ። ጓሮው ደግሞ የእትዬ ያልጋነሽ ዓለም ነበር። ከመጡ ጀምሮ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጠርሙስ ስባሪውን አውጥተው፣ ጎመንና ጤና አዳም ዘርተውበታል። መሀሉ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጌሾ ቆሟል። ጌሾውን የተከለው የበኩር ልጃቸው ደሳለኝ ነው።

ደሳለኝ ዘሩን ከጎንደር ያመጣው ካልሲው ውስጥ ደብቆ ነው እየተባለ ይሳቅ ነበር። በእርጎ ዕቃ መስኮት ላይ አፍልቶ፣ ክረምቱን ከብርድ እየሸፈነ፣ ሲጠና ጓሮ አወረደው። ሰፈሩ ለሠርግም ለተዝካርም ጠላ ሲጠምቅ ቅጠሉን የሚቆርጠው ከዚያ ነው። ደሳለኝ ኋላ ሚስቱና ልጆቹ ጎንደር ሆነው ወደዚህ የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቁ ስለነበር ወደ እነሱ ተመለሰ፤ እዚያው እየሠራ መጠበቅ ያዘ። በየዓርቡ ሰንበት ሳይገባ ለእናቱ ይደውላል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጌሾው ነው። እትዬ ያልጋነሽ ስልኩን ይዘው ጓሮ ወርደው «ይኸው አጠገቡ ቆሜያለሁ» ይሉታል። ይህን ያላየ የሰፈር ሰው የለም።

እኔም ጊዜያዊ እግድ ጠየቅኩላቸው። ጊዜያዊ እግድ ማለት ዳኛ ዋናውን ክርክር ሰምቶ እስኪጨርስ ድረስ «ማንም እጁን እንዳያነሳ» ብሎ ነገሩን ባለበት የሚያቆምበት ትእዛዝ ነው። እሱን ለማግኘት ግን አመልካቹ ዛሬ ካልተከለከለለት የሚደርስበት ጉዳት ኋላ በገንዘብ ሊካስ የማይችል መሆኑን ማሳየት አለበት። የፈረሰ አጥር ይታጠራል፤ የተነቀለ ጎመን ይገዛል። ሕግ ለሚገዛ ነገር አይደነግጥም። እኔ ደግሞ በእጄ የነበረው አንድ ቁጥቋጦ ነው። የካብላኑ ጠበቃ ደውሎልኝ ስቆብኛል። «ልጁ ደህና አይደል? ይምጣና ሌላ ይትከልላት፤ ቲኬቱን እኛ እንችላለን» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነቱን ስለነበረ ነው።

ችሎቱ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ፣ ብርቱካን ከባቡር እስክትወርድ የረሆቮት ባቡር ጣቢያ ጠበቅኋት። የነገውን ልንነጋገር ነበር። ከሰው መሀል ስትወጣ ፊቷ የእሷ አልነበረም። ክንዴን ይዛ የኛ ሰው ወደማያልፍበት ወደ መድረኩ ጫፍ ወሰደችኝና ነገረችኝ። ደሳለኝ ሞቷል። ጎንደር ታሞ፣ ሳይቆይ። የሁለቱ ታናሽ ወንድም ሰሎሞን ለቀብሩ ሄዷል። እናትዬው አልሰሙም።

ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ለእናት የልጇ ሞት ብቻዋን ሳለች አይነገርም፣ ከቤቷ ውጭ አይነገርም፣ ባዳ አይነግራትም። ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ዘመድ አዝማዱ ገና ሳይነጋ ደጇ ይሰበሰባል፤ አብረው ይገባሉ፤ ብትወድቅ የሚይዛት እጅ ሞልቶ ነው የሚነገራት። የእትዬ ያልጋነሽ ልብ ደግሞ ደካማ ነው። ቤተሰቡ ሰሎሞን ከቀብር ተመልሶ ጎናቸው እንዲቀመጥ፣ ነርስ የሆነች ዘመዳቸውም እንድትኖር ተስማምቷል።

ብርቱካን ያለችኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሰሎሞን ነገ ማታ ይገባል፤ ከነገ ወዲያ ሲነጋ እንነግራታለን፣ ዓርብ ስልኩን መጠበቅ ሳትጀምር። ላንቺ የነገርኩሽ ነገ ፊቴን አይተሽ እሷ ፊት ምን ሆነሻል እንዳትይኝ ብዬ ነው። ለማንም ራሄል፣ ለማንም። ቤሰደር?»

«ቤሰደር፣ እሺ» አልኳት። አቀፍኳት፤ አለቀስኩ። ማልቀሴ እውነት ነበር። ደሳለኝ ልጅ ሳለሁ ብስክሌት ያስተማረኝ ሰው ነው።

ቀጠሮውን እናዘግየው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም፣ ቀጠሮው ከተላለፈ ማሽኑ ይገባል አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። «በሞቱ ላይ ጌሾውም ከተነቀለ እማዬን አናገኛትም» አለች። ከዚያ የአውቶቡሱ መብራት መጣና ሮጠች።

አሁን የምናገረው ነገር ያሳፍረኛል። ወደ መኪናዬ ስሄድ እያለቀስኩ ነበር፤ በር ከፍቼ ስቀመጥ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሞተ ሰው ሌላ ጌሾ አይተክልም። እንዲህ ነበር የመጣልኝ፣ እንደ መልካም ዜና። መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይደርቅ ክርክሬን አገኘሁት። እስቲ ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያስብ? በዚያው ቅጽበት ራሴን መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ሞተሩን አስነስቼ ቤቴ ገባሁ፣ እራት በላሁ፣ ተኛሁ። አልናገረውም ብዬ ነበር የተኛሁት። ሐሳቡን ግን አልጣልኩትም፤ እንደ መለዋወጫ ጎማ ከኋላ ይዤው ሄድኩ።

በማግሥቱ እትዬ ያልጋነሽ ዳኛ ፊት ስለሚቀርቡ አምረው መጡ። የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ነጠላቸው ከሳጥን የወጣ ነው። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ከብርቱካን ጋር ተቀመጡ። የተጠራው አስተርጓሚ ስላልመጣ ዳኛዋ ለሴትዮዋ እኔ እንድተረጉም ጠየቁ፤ የካብላኑ ጠበቃም ግድ የለኝም አለ። ልብ በሉ፤ ያን ቀን የእትዬ ያልጋነሽ ጆሮ እኔ ነበርኩ። ዕብራይስጡን አይሰሙም። ከገበያና ከሐኪም ቤት ቃል አልፎ አያውቁም።

ተከራከርኩ። ውሉ ጓሮውን አይጨምርም አልኩ፤ ዳኛዋ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው አሉ። ጓሮው የሁሉም ነው አልኩ፤ እሱንም ተቀበሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «የተከበርሽ ጠበቃ፣ ገባኝ። ግን በገንዘብ የማይካሰው ነገር የቱ ነው? አንድ ተክል ነው። ተክሉ ለእናትዬው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ልጁ ተክሎታል። ልጁ ሌላ ሊተክል ይችላል። ሌላ የምትጨምሪው ከሌለ ማመልከቻውን ልቀበለው አልችልም።»

የካብላኑ ጠበቃ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ያች ፈገግታው ነበረች፤ የስልኩ ሳቅ። ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። የብርቱካን ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ አየት አድርጋው ተነሳች፣ ለእናቷ ጆሮ አንድ ነገር ብላ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወጣች። ሰሎሞን መሆኑን አወቅሁ። እናታቸው ሳይሰሙ ልታዋራው ነው የምትወጣው።

በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። ይህችን ነው ለማንም ያልተናገርኩት፤ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ። ብርቱካን ዕብራይስጥ ትሰማለች፤ ብትኖር ትጮህብኛለች። ስለዚህ በሩ እስኪዘጋ ጠበቅኩና በዕብራይስጥ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ክብርት ዳኛ፣ ጌሾውን የተከለው ልጅ በዚህ ሳምንት ሞቷል» አልኩ።

ዳኛዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ በልቤ «አልቋል፣ አሸነፍኩ፣ እናትዬውም አልሰሙም» አልኩ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ቃሉ በእሳቸው አናት ላይ አልፎ የሚሄድ፣ ማንንም የማይነካ መስሎኝ።

ያ ጠበቃ ግን ተነሳ። አልፈርድበትም፤ ሥራውን ነው የሠራው። «በማመልከቻው ላይ ልጁ በሕይወት አለ። ዛሬ ሞተ። ማስረጃውስ? ክብርት ዳኛ ሴትዮዋን ይመልከቷት። ልጇ የሞተባት እናት እንዲህ ናት?» አለ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው። እትዬ ያልጋነሽ ሰው ሁሉ ሲያያቸው ሰላምታ መስሏቸው ፈገግ ብለው ወገባቸውን ሰበር አደረጉ። በዚያ በነጭ ነጠላቸው። ከዳኛዋ ጀምሮ ለጸሐፊዋ፣ ለካብላኑ ጠበቃ ጭምር እጅ ነሱ።

ዳኛዋ ግራ ገባቸው። ለእኔ የሚያዝን ፊት ሳያሳዩ «ጠይቂያት» አሉኝ። «ልጇ መቼ እንደሞተ ጠይቂልኝ።»

እዚህ ላይ ትንሽ አብራችሁኝ ቁሙ። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «ትቼዋለሁ» ብል ያልቃል። አምስት ደቂቃ ይሰጠኝ ብል ይሰጡኛል፤ ደግ ሴት ነበሩ። በሩን ከፍቼ ብርቱካንን ብጠራ ትገባለች። እግዱ ይቀራል፣ ጌሾው ይነቀላል፣ እኔ እዋረዳለሁ። ያ ሁሉ ይካስ ነበር! የዚያን ቀን ጠዋት በዚያ ክፍል ውስጥ በገንዘብ ሊካስ የማይችል አንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ እሱም እኔ እጅ ላይ ነበር። ይህን የሚለየው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ ሥራዬ እሱ ነዋ! ምን ነካኝ? እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ነካኝ? ያ ሰውዬ ውሸታም እንዳይለኝ ፈራሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ብዙ ፈልጌ አጥቻለሁ። ውሸታም እንዳልባል እውነቱን ተናገርኩ።

«እትዬ» አልኳቸው፤ «ዳኛዋ ደሳለኝ መቼ እንደሞተ ይጠይቁዎታል።»

እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው። በአማርኛ፣ እናቴ ባስተማረችኝ አማርኛ፣ አክብሬ፣ በ«እርስዎ»።

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም። ግንባራቸው ብቻ ተቋጠረ። «የቱ ደሳለኝ?» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ፈልገው አገኙልኝ። «የእነ ታየች ልጅ? ያ አሽዶድ ያለው?» አሉና ደረታቸውን መታ አደረጉ። «እኔን ይድፋኝ! መቼ? እናቱ ሰምታለች?»

እናቱ ሰምታለች አሉኝ። ለሌላዋ ሴት ደንግጠው፣ ዓይናቸው እንባ ሊያቀርር ምንም ሳይቀረው፣ መርዶውን በወጉ ነግረዋት እንደሆነ ነበር የጠየቁኝ። መመለስ አላስፈለገኝም፤ ፊቴን እያዩ ነበር። ለስንት ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም። ፊቴ ላይ ያለውን እያነበቡ፣ ቀስ እያሉ፣ ከአሽዶድ ወደ ራሳቸው ቤት ሲመለሱ አየኋቸው።

አልጮኹም። ይጮኻሉ ብዬ የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ፣ ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ከአግዳሚው ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የችሎቱ ወለል ላይ፣ በበዓል ቀሚሳቸው። ዘበኛው ሊያነሳቸው ሲጠጋ እጁን ገፉት። ከዚያ ወደ ላይ አይተውኝ «አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የምር ጥያቄ ነበር። ከዘመዱ ሁሉ፣ ከሽማግሌው፣ ከቄሱ ሁሉ፣ አንቺ ነሽ?

ዳኛዋ ቆመው ነበር። «ምን አልሻት?» አሉኝ። «ጥያቄዎን ተረጎምኩ» አልኳቸው። እንዲህ አልኩ። ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተርጉሜያለሁና።

በሩ ተከፈተና ብርቱካን ገባች። ስልኩ እጇ ላይ ነበር፣ የሰሎሞን ድምፅ ከውስጡ ይሰማል። እናቷን ወለል ላይ አየች፣ ነጠላውን ወገብ ላይ አየች፣ እኔን አየች። ጩኸቱ ያኔ መጣ፤ የብርቱካን ነበር።

የካብላኑ ጠበቃ አንገቱን ደፍቶ እንደማይቃወም ተናገረ። እግዱ ተሰጠ። ዳኛዋ ውሳኔውን ለጸሐፊዋ ሲናገሩ የአመልካቿን ሐዘን በዓይኔ ስላየሁ ሌላ ማስረጃ አልሻም አሉ። ከዚያ በእኛ ሥራ የተለመደች አንዲት ሐረግ ጨመሩ፤ አመልካቿ ፍርድ ቤት የቀረበችው በንጹህ እጅ ነው አሉ። እጄን ጠረጴዛ ስር አስገባሁት። ማስረጃው እኮ እሳቸው ነበሩ። እኔ ቀድሞ የነበረ ሐዘን አላሳየሁም፤ እዚያው ዳኛ ፊት ሠርቼ አቀረብኩ።

አሁን ሁለተኛውን ጥፋት ስሙ። ይህኛው ይከፋል።

ኮሪደሩ ላይ፣ ሰዎች እትዬ ያልጋነሽን ወንበር ላይ ሊያስቀምጡ ሲታገሉ፣ ብርቱካን ኮሌታዬን ያዘችኝ። «ምን አልሻት? ምን አልሻት ራሄል?» አለችኝ። እኔም ወዲያው፣ ሳልደናቀፍ፣ «ትናንት ማታ የነገራችኋት መስሎኝ! ዳኛዋ ጠየቁኝ፤ የምታውቅ መስሎኝ!» አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ተዘጋጅቶ የጠበቀኝ ይመስል ነበር።

እጇ ላላ። ዓይኗ ወዲያና ወዲህ አለ፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ያለችኝን ሁሉ እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። በደንብ ነው የነገርኩሽ ማለት ትችል ነበር። በደንብ ነበር የነገረችኝ! ግን እንዲያ ባለ ሰዓት ማን ራሱን ያምናል? ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «ለምን ነገርኩሽ? ከእናቴ በፊት ላንቺ ለምን ነገርኩሽ?»

አይ፣ አንቺ አይደለሽም ማለት ነበረብኝ። ትከሻዋን ዳበስኩ።

ሰባቱን ቀን ለቅሶው ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ፤ መርዶ እንዴት ከቤት ወጣ፣ ማን አወጣው ይላሉ። መልሱ አንድ ነበር፤ ብርቱካን። ለባዳ የነገረች እሷ ናት። እትዬ ያልጋነሽ በእኔ አልከፋቸውም። «ልጅቱ ምን ታድርግ፣ ተጠይቃ ነው» አሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለብርቱካን ግን «ከእኔ በፊት ለሰው ነገርሽው» አሏትና ፊታቸውን አዞሩ። ያች ቀን ከሌት የጦረቻቸው ልጅ! ሰሎሞን ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ነው የተጣላት። እሱ እናቱን አቅፎ ሊነግራቸው ነበር የመጣው፤ ለቅሶው ደርሶ ተቀበለው።

እግዱ ጸና፣ ኋላም ካብላኑ ተስማማና ብረቱን ሌላ ቦታ አደረገ። ሕንፃው ታደሰ። ጌሾው አለ። በዓመቱ ለደሳለኝ ተዝካር ጠላው ከእሱ ተጠመቀ፤ እኔንም ከክብር ቦታ አስቀመጡኝ፣ ጌሾውን ያዳነች ተብዬ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው መረቁኝ። ጠላውን ያቀረበችልኝ ብርቱካን ናት። ጎንበስ ብላ ስትቀዳልኝ ዓይኗን ከፍ አላደረገችም፤ በዚያ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ መሄድ ለምዳ ነበር። እኔ ተቀበልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ጠጣሁ። እስከ አተላው ጠጣሁ። ጉሮሮዬ ላይ የሚቆም መስሎኝ ነበር፤ ወረደልኝ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ያልጋነሽ ጓሮ አይወርዱም አሉ። ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ስልኩን ይዘው መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ። ጌሾውን ውኃ የምታጠጣው ብርቱካን ናት።

ምናልባት ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ እናትዬው መስማታቸው አይቀርም ነበር፣ በአንድ ቀን ብቻ ነው የቀደመው። ብዬዋለሁ፤ ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ! ያች አንድ ቀን ግን ልጆቻቸው ያዘጋጁላቸው ቀን ነበረች። እጆች ሁሉ የተሰበሰቡባት ቀን ናት። ከዕድሜያቸው አንዴ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው የነጠቅኳቸው፤ ደሳለኝም ሁለተኛ አይሞትላቸውም። የእናትዬውንስ ተዉት፤ ከሴት ልጃቸው ጋር ያለያየኋቸውን በምን ልተካው? ከእግዱ ወዲህ ሌላ ስንት እግድ አስወጥቻለሁ፤ ሊካስ የማይችል ጉዳት የሚለውን ሐረግ በጻፍኩ ቁጥር ጣቴ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ እጽፈዋለሁ። አያችሁ፣ እጽፈዋለሁ።

ለብርቱካን ለመናገር ያልሞከርኩ አይምሰላችሁ። አንዴ ጣቢያው ድረስ ሄጄ መድረኩ ላይ ጠብቄያታለሁ። ከባቡር ስትወርድ አየኋት፤ ሸምግላለች፤ ከዓምድ ኋላ ተደበቅኩና አሳለፍኳት። ጠበቃ፣ ልጆች ያሏት ሴት፣ ከዓምድ ኋላ።

ዛሬ የአስተስርዮ፣ የኃጢአት ማስተሰረያው ጾም፣ ዋዜማ ነው። በዚህ ቀን የበደለ የበደለውን ፈልጎ ይቅር በለኝ ይለዋል፤ ሳይታረቁ አይጾምም። ዘንድሮስ እነግራታለሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ አፌን ሳለማምድ ሰነበትኩ። ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እሷ ነበረች። በየዓመቱ በዚህ ቀን ትደውላለች፤ ዘንድሮም አልረሳችም። «ራሄልዬ» አለችኝ፣ ድምጿ ልስልስ ብሎ፤ «ያን ቀን በእኔ አፍ ምክንያት አንቺን መርዶ ነጋሪ አደረግሁሽ። ሸክሙን የጣልኩብሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ እህቴ።»

እስክትጨርስ ሰማኋት። ያለማመድኩት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። እሷም አመስግናኝ፣ ጾሙ እንዲቀለኝ ተመኝታልኝ ዘጋች።

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም። የእናንተ አይደለም። ይቅርታው ያለው አንዲት ሴት እጅ ላይ ነው፤ እሷም ዛሬ ጠዋት ደውላ ከእኔ ለመነችው።